የዘጌን ጫካ ሰንጥቃ ያለፈችው ጀልባ፦ የአንድ መንገድ መዝጋቢ መተግበሪያ ግምገማ

ባለፈው ጥር በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ካለው ከናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ጀልባችን፣ የስልኩን ካርታ ካመንነው፣ የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት በቡና ዛፎቹ መካከል ሰንጥቃ ነው ባሕር ዳር የገባችው። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ጀልባ በቡና ሥር እንደማትሄድ ማንም ያውቃል፤ እኔ ግን ያን ዕለት ያየሁት መስመሩን ሳይሆን ከግርጌው የተጻፈውን የኪሎ ሜትር ድምር ብቻ ነበርና፣ ጥፋቱን ከመተግበሪያው ሳይሆን ከሰው ፈለግሁት።

የቤተሰባችንን ጀልባ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ለየጉዞው የሚቀዳው ቤንዚን ከተሄደው ርቀት ጋር መመጣጠኑን ለማወቅ፣ ፋሲሎ አካባቢ ካለ መሸጫ አንድ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ገዝቼ፣ በነጻ የሚገኝ የመንገድ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጫንኩበትና በጀልባዋ ጣሪያ ሥር አሰርኩት። የስልኩንም የመተግበሪያውንም ስም አልጠቅስም፤ የማነሣው ችግር በብዙ ስልኮችና በብዙ መተግበሪያዎች ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ አንዱን ነጥሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ሊገዛ ወይም ሊጭን ያሰበ ሰው ግን ምን መመርመር እንዳለበት ከዚህ ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል።

የዚያ ቀን ድምር ከቤንዚኑ ጋር ሲነጻጸር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ያንስ ነበር። ጀልባ ነጂያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አያ እያልን ነው የምንጠራቸው። አፍ አውጥቼ «ቤንዚኑን ምን አደረጉት?» አላልኳቸውም፤ «አያ፣ ከናርጋ መልስ ሌላ ቦታ ደርሰው ነበር እንዴ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። «ኧረ ልጄ፣ ነፋሱ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል ዳር ዳሩን ይዤ ዘጌን ዞሬ ነው የመጣሁት። የት እገባለሁ?» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን መጠቅለል ቀጠሉ እንጂ ቀና ብለው አላዩኝም።

ማታ ቤት ገብቼ የጉዞውን ፋይል ከፈትኩት። የዚህ ዓይነት ፋይል በየነጥቡ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ሰዓት ይዟል፤ ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ ሰዓት ለማንበብ ሦስት መቀነስ ያስፈልጋል። 11፡10 የሚለው ከቀኑ 8፡10 ማለት ነው። እስከ 8፡10 ድረስ ነጥቦቹ በየአምስት ሰከንዱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ቀጣዩ ነጥብ ግን 9፡52 ላይ ነው። በመካከሉ 102 ደቂቃ የለም። ጀልባዋ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በዚህ ጊዜ 25 ኪሎ ሜትር ተኩል ትጓዛለች፤ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት ግን 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። የጎደለው 13 ኪሎ ሜትር እነሆ። መተግበሪያው የቀረውን ጊዜ «አላውቅም» ብሎ ባዶ በመተው ፈንታ፣ ሁለቱን ጫፎች በመስመር አገናኝቶ፣ መስመሩን ለክቶ፣ እንደ እውነት ደምሮ አቀረበልኝ። ከሁሉ በላይ የምነቅፍበት ይህንን ነው፤ ሌላው ጉድለቱ ሁሉ በማስተካከያ የሚቃና ነው።

ስልኩ ለምን አንቀላፋ? በመጀመሪያ የጠረጠርኩት አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 6ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን የማንቀላፋት ሥርዓት ነበር። ይህ ሥርዓት ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ስክሪኑ ከጠፋና ከቦታው ሳይነቃነቅ ከቆየ፣ መተግበሪያዎችን ያስተኛና አልፎ አልፎ ብቻ ለአጭር ጊዜ ያነቃቸዋል። ይሁን እንጂ ጥርጣሬዬ ልክ አልነበረም፤ በማዕበል ላይ ያለ ስልክ አንድም ደቂቃ አይረጋምና፣ ጥልቁ እንቅልፍ አይደርስበትም። ጥፋተኛው ባትሪ ቆጣቢው ሆኖ ተገኘ። ባትሪው ከወሰንኩለት መጠን ሲወርድ ራሱ እንዲበራ አድርጌ ነበርና፣ በርቶ ስክሪኑ በጠፋበት ጊዜ ሁሉ የአቀማመጥ መለኪያውን ዘግቶታል። 9፡52 ላይ አያ ሰዓት ለማየት ስክሪኑን ሲያበሩት ልኬቱ ተመለሰ። ስልኩ እንዳደርግ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሥራው መንገድ መመዝገብ ብቻ የሆነ መተግበሪያ፣ ዓይኑ መሸፈኑን እያወቀ ዝም ማለቱ ይቅር የሚባል አይደለም።

ባትሪ ቆጣቢውን አጥፍቼ በሁለተኛው ጉዞ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመኝ፤ ጀልባዋ ከወደቡ ወጥታ ግማሽ ሰዓት ሳትሞላ መዝገቡ ጭራሽ ተቋረጠ። እዚህ ላይ ስለ ፈቃዶቹ መናገር ግድ ይላል። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ፣ ከበስተጀርባ የሚሠራ መተግበሪያ አቀማመጥ የሚነገረው በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ ገደብ ለመውጣት መተግበሪያው በማሳወቂያ አሞሌው ላይ ሳይጠፋ የሚቀመጥ ምልክት ይዞ በግልጽ መሥራት አለበት። በአንድሮይድ 10 ደግሞ «ሁልጊዜ ፍቀድ» እና «መተግበሪያውን ሲጠቀሙ ብቻ» የሚሉት ምርጫዎች ተለዩ። የእኔ መተግበሪያ ምልክቱን በሥርዓት ያወጣል፤ ፈቃዱንም ሰጥቼዋለሁ። ነገር ግን የስልኩ አምራች ከአንድሮይዱ በላይ የራሱን «አጽጂ» ጨምሮበት ነበርና፣ ስክሪኑ ከጠፋ ጥቂት ቆይቶ መተግበሪያውን ከሥሩ ነቀለው።

መፍትሔው በሴቲንግ ውስጥ «የባትሪ ማትባት» በሚል ርእስ ሥር ተደብቆ ነበር። ይህን ቃል መጀመሪያ ሳየው ስልኩ ቢላዋ ሊስልልኝ ነው እንዴ ብዬ ነበር። ለመተግበሪያው «ያልተገደበ» የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያም በአምራቹ አጽጂ ውስጥ ገብቶ ስሙን ከሚዘጉት ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለቱ በተለያየ ቦታ ናቸው፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት ደግሞ ምንም እንዳላስተካከሉ መቆጠር ነው። መተግበሪያው እነዚህን ማስተካከያዎች በመጀመሪያ ሲከፈት አንድ በአንድ ቢያሳይ ኖሮ ሁለት ጉዞ ባልባከነብኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የልኬቱን ጥራት መመዘን ተቻለ፤ በዚህ ረገድ ያገኘሁት ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጣና ለሳተላይት መቀበያ የተመቸ ስፍራ ነው፤ ፎቅ የለም፣ ገደል የለም፣ ሰማዩ ከአድማስ እስከ አድማስ ክፍት ነው። ስልክ ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይቶችን ማግኘት አለበት፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ስህተት ለማስተካከል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። የአሜሪካው ጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ የእኔ ስልክ ከእነርሱ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ስለሚቀበል፣ ከክብራን ገብርኤል ፊት ለፊት ቆመን ሳየው ከሃያ በላይ ሳተላይቶችን ቆጥሯል። መስመሩን ከካርታው ጋር ሳስተያየው በእንጦስና በክብራን መካከል ያለፍንበትን ውኃ በትክክል አስቀምጦታል።

ይሁንና መተግበሪያው ሦስት የአለካክ ደረጃዎች አሉት፤ መካከለኛውን ማለትም «ሚዛናዊ» የተባለውን ለሐይቅ የመረጠ ሰው ይጸጸታል። ይህ ደረጃ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሳተላይቱን ትቶ ባብዛኛው የዋይፋይና የኔትወርክ ምሰሶ ምልክት ይጠቀማል። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከየሆቴሉና ከየቤቱ ዋይፋይ በሚወጣበት፣ በደንብ ይሠራል፤ ጊዮርጊስ አካባቢ ቆሜ ስሞክረው የቆምኩበትን ቅያስ አላጣውም። ደቅ ደሴት አቅራቢያ ግን ዋይፋይ ከየት ይምጣ? ምሰሶዎቹም በሩቅ ዳርቻ ናቸው። በካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ዙሪያዋን ትልቅ ክብ ስላ፣ ውኃውንም ደሴቱንም በአንድነት አቅፋ ተቀመጠች። «ከእነዚህ በአንዱ ቦታ ነን» ማለቷ ነው፤ ቢያንስ አልዋሸችም።

ስለዚህ የሳተላይቱ ደረጃ ግድ ነው፤ የባትሪው ጥያቄም ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው ነጥብ የሚመዘገብበትን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ወደ አምስት ሰከንድ ማራዘም ባትሪ የሚያድን ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የሳተላይት መቀበያው ከእንቅልፍ ተነሥቶ ሳተላይቶቹን መልሶ እስኪይዝ ጥቂት ሰከንዶች ስለሚፈጅ፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ የሚተኛበት ጊዜ የለውም። የሚቀንሰው የፋይሉ መጠን ነው እንጂ የባትሪው ወጪ አይደለም። ቁጠባ የሚጀምረው ወደ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሲኬድ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ጀልባ 30 ሰከንድ ማለት 125 ሜትር ነው፤ ለሐይቅ ይህ በቂና ከበቂ በላይ ነው። አምስት ደቂቃ ቢደረግ ግን 1.25 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በደሴቶቹ መካከል የሚደረጉት መታጠፊያዎች ሁሉ ይቆረጣሉ፣ ድምሩም ያንሳል፣ አያም እንደገና ይጠየቃሉ። እኔ 30 ሰከንድ ላይ ወስኜ ጠዋት 100 ከመቶ ይዞ የወጣው ስልክ ማታ 61 ከመቶ ይዞ ተመልሶልኛል፤ ከዚያ በፊት ያለ እንቅልፍ ሲለካ ተመሳሳዩን ጉዞ ከ40 በታች ሆኖ ነበር የጨረሰው።

መቀበያው ቶሎ መንቃት የሚችለው ግን የሳተላይቶቹን የምሕዋር መረጃ አስቀድሞ ከያዘ ነው። ይህ መረጃ ከሳተላይቱ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ በሆነ ፍጥነት ስለሚወርድ አንዱን ሳተላይት ለመስማት 30 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ከወረደ በኋላ አራት ሰዓት ገደማ ያገለግላል። ዳታ ካለ ስልኩ ይህን መረጃ ከኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ያመጣዋል። ስለዚህ ዳታ በሌለበት ቀን ስልኩን ከመነሣታችን በፊት፣ ከወደቡ ዛፎች ጥላ አውጥቼ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠዋለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ዘዴ ደግሞ ከመተግበሪያው ውስጥ አይደለም። በሐይቁ መካከል ኔትወርኩ ሲደክም ስልኩ ምሰሶ ፍለጋ ኃይሉን ሁሉ አሟጦ ይጮኻል፤ ባትሪውን የሚበላው ሳተላይቱ ብቻ ሳይሆን ይህም ነው። የሳተላይት መቀበያ ደግሞ የሚሰማ እንጂ የሚናገር መሣሪያ ስላልሆነ፣ ስልኩ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ሆኖም ሥራውን ይቀጥላል። በዚህ ሁነታ የተመዘገበው ጉዞ ከማንኛውም ያነሰ ባትሪ ፈጅቷል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በጀልባዋ ላይ ለመደዋወያ የሚሆን ሌላ የበራ ስልክ ከሌለ ይህን አታድርጉ። አያ የራሳቸውን ባለ ቁልፍ ስልክ በፌስታል ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ስለሚይዙ እኔ ተደፋፍሬያለሁ።

መተግበሪያው «ብልህ ቆይታ» የሚለው ባሕርይም አለው። ስልኩ መቆሙን በእንቅስቃሴ ዳሳሹ ያውቅና ሳተላይቱን ያጠፋል፣ ሲንቀሳቀስም ያበራዋል። ለባጃጅና ለእግረኛ ድንቅ ነው፤ በከተማ ውስጥ ሞክሬው ሻይ በጠጣሁበት ሰዓት ሁሉ ተኝቶ ባትሪዬን ጠብቆልኛል። ለጀልባ ግን የታሰበ አይደለም። ናርጋ ደርሰን፣ ጀልባዋ ታስራ፣ መንገደኞቹ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ወጥተው ሳለ፣ ማዕበሉ ስልኩን እሹሩሩ ሲለው ዋለ፤ ዳሳሹም «እየሄድን ነው» ብሎ አመነ። የሳተላይት ልኬት ቆሞም ቢሆን ጥቂት ሜትር ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ በካርታው ላይ የታሰርንበት ቦታ ዶሮ የጫረችው አመድ መስሎ አገኘሁት፤ በዚህ ጭረት ብቻ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ «ተጉዘናል»። መድኃኒቱን ያገኘሁት በፍጥነት ማጣሪያው ነው። መቀበያው ፍጥነትን የሚለካው ሁለት ቦታዎችን አቀናንሶ ሳይሆን ከሳተላይቱ ሞገድ የድግግሞሽ ለውጥ ስለሆነ፣ ከቦታ ልኬቱ ይልቅ የተረጋጋ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በታች ሲሆን ነጥብ እንዳይመዘግብ አዘዝኩት፤ ጭረቱም ጠፋ። ማጣሪያው መኖሩን አመሰግናለሁ፤ በአራተኛው ገጽ፣ ከቀለም ምርጫ በታች መቀመጡን ግን አላመሰግንም።

ከፍታውን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ አትመኑት። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃ ደግሞ ዳገት የለውም። መተግበሪያው ግን በአንድ ጉዞ ብቻ ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ እንደወጣን ጽፎልኛል።

ከፀሐይ መግቢያ በኋላ በተመዘገቡ ሁለት ጉዞዎች ላይ ነጥቦቹ ከቀኑ ይልቅ ሲዘሉ አይቻለሁ። ባሕር ዳር ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት፤ በዚህ ቀበቶ ላይ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ አዮኖስፌር የተባለው የከባቢ አየር ንብርብር ይናወጥና የሳተላይቱን ምልክት እንደ ኮከብ ያርገበግበዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዋሸራ በተባለው ቤተ ሙከራ የዚህ ዓይነት ጥናት ይካሄዳል። በሁለት ድግግሞሽ የሚቀበሉ ስልኮች ይህ ንብርብር የሚያመጣውን መዘግየት በአብዛኛው ማስተካከል ይችላሉ፤ የእኔ በአንድ ብቻ የሚሠራ ነው። ያየሁት መዝለል ከዚህ ይሁን ከስልኩ ርካሽነት አልፈርድም፤ ለቤንዚን ሒሳብ ግን ጉዳት የለውም።

መተግበሪያውን እንግዲህ አላጠፋሁትም። ለካው በተባለበት ሰዓት በደንብ ይለካል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፋይሉንም ማንኛውም ካርታ በሚያነበው መልክ ያወጣል። ለከተማ ተጠቃሚ፣ ለባጃጅ ባለቤት ወይም ለእግር ተጓዥ ያለ ብዙ ማመንታት እመክረዋለሁ። ለጀልባ የሚፈልገው ሰው ግን የእኔን ያህል በሴቲንግ ውስጥ ለመንከራተት ካልተዘጋጀ በስተቀር፣ ያንቀላፋበትን ጊዜ በተቆራረጠ መስመር ወይም በሌላ ቀለም ለይቶ የሚያሳይ ሌላ መተግበሪያ ይፈልግ። ለሒሳብ ከማመኑ በፊትም ቀላል ፈተና አለ፦ መዝገቡን ጀምሮ፣ የአቀማመጥ መለኪያውን በእጁ አጥፍቶ፣ ሩብ ሰዓት በእግሩ ዞር ዞር ብሎ፣ እንደገና ያብራው። ካርታው ቀጥ ያለ መስመር ካሳየውና ድምሩ ላይ ከጨመረው፣ ያ መተግበሪያ ለሒሳብ አይሆንም።

እኔ እስካሁን በየማታው ፋይሉን ከፍቼ፣ ጀልባዋ ታስራ ከቆመችበት ጊዜ ውጭ ከሁለት ደቂቃ በላይ የተራራቁ ነጥቦች መኖራቸውን አያለሁ፤ ካሉ የዚያን ቀን ድምር በደብተሬ ላይ አልጽፈውም። ለአያም የናርጋውን ፋይል አሳይቻቸዋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው በዘጌ ላይ ያለፈውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት፤ «እዚህ ላይ'ኮ የሰው ቡና ረግጠናል» አሉኝና ሳቁ።